ቡናማ ፈሳሽና እምቢ ያለ ፒሲአር

ጥያቄ፦ ሲሊካ በለበሱ የማግኔት ቢዶች (ማግኔት የሚስባቸው ጥቃቅን እንክብሎች) ከደም ዲኤንኤ አወጣለሁ። የመጨረሻው ፈሳሽ ቡናማ ነው። ዲኤንኤውን በሚያባዛው ፒሲአር ሲቲው (ምልክቱ የታየበት ዙር ቁጥር) 36 ይመጣል፣ 10 እጥፍ ሳቀጥነው ግን 31። የቢዱን መጠን እጥፍ ባደርገውም አልተሻለም።

መልስ፦ ዲኤንኤ አላነሰዎትም። 10 እጥፍ የቀጠነ ናሙና 3.3 ዙር ያህል መዘግየት ሲገባው በ5 ከቀደመ፣ ፒሲአሩን የሚያግድ ነገር አብሮ ገብቷል። ጥርጣሬዬ ማጠቢያው ኢታኖል (አልኮሉ) ላይ ነው። ቡናማው ከማግኔቱ ያመለጠ ቢድ ነው። ቢድ መጨመርዎ ነገሩን አባባሰው እንጂ አልጠገነውም፤ ብዙ ቢድ ፒሲአሩን የሚያግደውን ጨው በብዛት ይዞ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ጓኒዲን ቲዮሳያኔት (ዲኤንኤውን ቢዱ ላይ በሚያስረው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ጨው) ያለበት ቆሻሻ ላይ በረኪና አይጨምሩ። ሳያናይድ ያለበት መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሲሊካውም የዲኤንኤው ፎስፌትም ኔጌቲቭ ስለሆኑ ውሃ ውስጥ ይገፋፋሉ። ጓኒዲን ሲበዛ የከበባቸውን ውሃ ይነጥቃል፤ የጨው አየኖች መሀል ገብተው ያገናኟቸዋል፤ ዲኤንኤው ይጣበቃል። ኢታኖል ዲኤንኤውን እንደተጣበቀ ትቶ ጨውን ብቻ ማጠብ አለበት። ይህ የሚሆነው ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲሆን ነው፦ በጣም ከወፈረ ጨው በደንብ አይሟሟበትም፣ በጣም ከቀጠነ ዲኤንኤው ራሱ ታጥቦ ይሄዳል። ክዳኑ ላልቶ የከረመ ጠርሙስ ኢታኖሉ ይተንና ውሃው ይበዛል። ሳኒታይዘር የሚሉት አልኮል ደግሞ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን አለበት፤ ቢዱ ላይ ሊደርቅ አይችልም።

ስለዚህ ማጠቢያውን ዛሬውኑ ከንጹህ ኢታኖል ያዘጋጁ። የቢዱን መጠን ወደ ኪቱ መመሪያ ይመልሱ፤ ቢዱን ከመቅዳትዎ በፊት ቮርቴክስ ያድርጉ (በማናወጫው ያናውጡት)። 500 ማይክሮሊትር እየጨመሩ ሁለቴ ይጠቡ፣ በየጊዜው ቢዱን ከግድግዳው አላቀው በደንብ በትነው። ከመጨረሻው በኋላ ቱቦውን ለአፍታ ሴንትሪፉጅ አድርገው ማግኔት ላይ ይመልሱና ከሥር የቀረችውን ጠብታ በ10 ማይክሮሊትር ቲፕ ይምጠጡ። ክዳኑን ከፍተው 5 ደቂቃ ያህል ያድርቁ። አንጸባራቂነቱ ሲጠፋ ይበቃል፤ ከተሰነጣጠቀ ዲኤንኤው አይለቅም።

ዲኤንኤውን ከቢዱ ለማውጣት 50 ማይክሮሊትር ትሪስ (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 8.5፣ በ65 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ። ኢዲቲኤ የበዛበት አይሁን፤ ፒሲአሩ የሚያስፈልገውን ማግኒዚየም ይይዛል።

ማግኔቱን በተመለከተ፣ እነዚያ ርካሽ የፌራይት ማግኔቶች ፍሪጅ ላይ ወረቀት ከመለጠፍ አያልፉም። ኒዮዲሚየም ይግዙ፣ ፈሳሹ እስኪጠራ 2 ደቂቃ ይጠብቁ። አሁን በእጅዎ ያለውን ቡናማ ፈሳሽ አይድፉት፦ ማግኔት ላይ መልሰው የጠራውን ወደ አዲስ ቱቦ ይቅዱ። 260/230 (ፈሳሹ በ260 እና በ230 ናኖሜትር የሚመጠው ብርሃን ሬሾ) ከ1.5 በታች ከሆነ ጓኒዲን አለበት፤ አቅጥነው ይጠቀሙበት።

የማሰሪያው ፈሳሽ ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና ውሃ ጠርገው ያንሱት። በረኪና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት በፍጹም።