ሰዓቱን ሳልመታ ለምን ይጫወታል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሥራ በኋላ ሦስት ጓደኛሞች ካፌ ቁጭ ብለን ባለ 5 ደቂቃ ቼዝ እንጫወታለን። ሰዓታችን የስልክ አፕ ነው፤ የተጫወተ ሲመታው የራሱ ቆሞ የሌላው መቁጠር ይጀምራል። አንደኛው ልጅ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። እኔ ተጫውቼ እጄን ወደ ስልኩ ስዘረጋ እሱ መልሱን ተጫውቶ ይጠብቀኛል። አንዳንዴማ ፈረሴን ገና ሳልለቀው ይጫወታል። “ተራውን ያልጠበቀ ማኪያቶ ይጋብዛል” አልን፤ እየሳቀ ይጋብዛል። ከአሁን በኋላ “ተሸንፈሃል” ብንለው ይበዛበታል?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጊዜ ይበዛበታል። ደግሞ እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ከሁለቱ ክሶችህ አንዱ ውድቅ ነው።

በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ የባላጋራህ ተራ የሚጀምረው ሰዓቱን ስትመታ አይደለም። ጠጠርህን አስቀምጠህ እጅህን ስታነሳ ነው። ስለዚህ ፈረስህን ከለቀቅክ በኋላ ቢጫወት ምንም አላጠፋም። ያንተም መብት ግን አይቀርም፤ እሱ ቀድሞ ቢጫወትም ሰዓትህን ትመታለህ፣ ከዚያ እሱ ይመታል። ጣቱን ሰዓቱ ላይ አንዣቦ ከጠበቀህ ግን ያ ክልክል ነው።

ፈረስህን ሳትለቅ የሚጫወተው ነገር ሌላ ነው። ያኔ ተራው አልደረሰም። እኔ ብዳኝ መልሶ እንዲያነሳ አደርግና እንደ ሕገ-ወጥ እንቅስቃሴ እቆጥርበታለሁ። ሳይጫወቱ ሰዓት መምታትም በሕጉ እንደዚያው ነው የሚቆጠረው። እንዲህ ባለ ፈጣን ጨዋታ ቅጣቱ ለባላጋራ 1 ደቂቃ መጨመር ነው፤ ከ10 ደቂቃ በላይ በሆነ ጨዋታ 2 ደቂቃ። ሲደግም ይሸነፋል።

ማኪያቶው ያልሠራው ለዚህ ነው። የወሰደብህ ጊዜ ነው፣ የሚመልስልህ ግን ቡና። ኪሱ የሞላ ሰው በማኪያቶ ዋጋ ተራህን ይገዛብሃል።

አንድ ነገር ልንገርህ። በባለ መዘውር ሰዓት ዘመን ወጣቶችን አጫውት ነበር። አንዱ ልጅ ሕገ-ወጥ ተጫወተና ለባላጋራው 2 ደቂቃ ልጨምር ሰዓቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው ያለችውን መዘውር በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ጠመዘዝኩ። መርፌው ዘለለና 3 ደቂቃ ያህል ሆነ። “ይሁን” ብዬ መለስኩት። የተቀጣው ልጅ ያቺን ትርፍ ደቂቃ አይቷታል፤ አልተናገረም። መጨረሻ ላይ ባላጋራው ባንዲራው (ጊዜ ሲያልቅ ሰዓቱ ላይ የምትወድቀው) ልትወድቅ ስትል ማት አድርጎ አሸነፈው። ልጁ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲከት አላየኝም። እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ ስልክ አላችሁ፤ አፑን አቁማችሁ 1 ደቂቃ ልክ ጨምሩ። በ5 ደቂቃ ጨዋታ 1 ደቂቃ አንድ አምስተኛ ነውና፣ ለጓደኛ 30 ሰከንድ በቂ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ እንጂ የፊዴ አይደለም። ብቻ ሰዓቱ ሳይነሳ ተስማሙ።

ክስ ካለህ ደግሞ መልስ ሳትጫወት ተናገር። በ2017 መጨረሻ (በፈረንጅ) ሪያድ ላይ በዓለም የብሊትዝ (የፈጣን ቼዝ) ሻምፒዮና ሩሲያዊው ኢናርኪየቭ ቼክ ተብሎ (ንጉሡ ጥቃት ላይ ሆኖ) ሳለ ንጉሡን ማዳን ትቶ እሱም በፈረስ ቼክ አለ። ባላጋራው፣ የያኔው የዓለም ሻምፒዮን ካርልሰን፣ ዝም ብሎ ንጉሡን አንቀሳቀሰ። ኢናርኪየቭ ሰዓቱን አቁሞ “ያንተ ነው ሕገ-ወጡ” አለው፤ ዳኛውም መጀመሪያ ፈረደለት! በኋላ ዋናው ዳኛ ሽሮት “ቀጥሉ” ሲል ኢናርኪየቭ እምቢ አለ፣ ነጥቡም ለካርልሰን ሆነ። ካርልሰን ወዲያው ከሶ ቢሆን ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ።

ለጓደኛህ ጠበቃ ልሁን ካልክ ግን የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረጅ፣ አለለት። እዚያ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። “ወረራ” ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ያሰልፋሉ።

ጥያቄ፦ ተራዬ ሳይደርስ የራሴን ንግሥት ብነካ፣ “የነካኸውን ተጫወት” ሊሉኝ ይችላሉ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይችሉም። የነካ ይጫወት የሚለው ሕግ የሚይዘው ተራው የደረሰውን ብቻ ነው። ደጋግመህ ብትነካካ ግን ባላጋራን በማወክ ዳኛው ያስጠነቅቅሃል።