ህንድ ከፓሲፊክ ደሴቶች ምን ፈልጋ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የፓፑዋ ኒው ጊኒው ጠቅላይ ሚኒስትር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው የህንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር የናሬንድራ ሞዲን እግር ሲነኩ የሚያሳየውን ቪዲዮ አይቼ ገረመኝ። ህንድ ያን ያህል ርቀት ሄዳ ካርታ ላይ እንኳ በቅጡ ከማይታዩ ደሴቶች ምን ልታገኝ ነው?

መልስ፦ ያዩት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 ፖርት ሞርስቢ ላይ የሆነውን ነው። ጄምስ ማራፔ እንግዳቸውን እንደዚያ ተቀበሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ህንድና 14 የፓሲፊክ ደሴት አገሮች ጉባኤ ተቀመጡ።

“ትንንሽ” የሚለውን ነገር ግን ቀስ ብለን እንየው። ኪሪባቲን ይውሰዱ። መሬቷ ቢጠራቀም 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዓሣውንም ሆነ ከወለሉ በታች ያለውን ማዕድን የማዘዝ መብት ያላት ባሕር ግን ከ3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ይሄ ከመላው የህንድ የቆዳ ስፋት ይበልጣል! ከዓለም ቱና ከግማሽ በላይ የሚጠመደውም በዚያው አካባቢ ነው። ሌላው የድምጽ ጉዳይ ነው። ከ14ቱ 12ቱ የተባበሩት መንግሥታት አባል ናቸው። ህንድ በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ትፈልጋለች፣ ለዚያ ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ የግድ ነው፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ 11 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ቱቫሉም አንድ ድምጽ፣ 1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ያላት ህንድም አንድ ድምጽ ነው ያላቸው።

የሰው ትስስርም አለ። እንግሊዞች ከ1879 እስከ 1916 ከ60 ሺህ በላይ ህንዳውያንን በኮንትራት ለሸንኮራ አገዳ ሥራ ፊጂ አወረዱ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከአገሪቱ ሕዝብ ሲሶ ገደማ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከኢንድራ ጋንዲ የ1981 ጉብኝት በኋላ ሌላ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ፊጂን የረገጠው በ2014 ነው። 33 ዓመት! የዘመድ ፍቅር ብቻውን እንዳላመጣቸው ከዚህ ይገባናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ነገሩ ሁሉ የቻይና ፉክክር አይደለም ወይ?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ አይካድም። በ2014 ሞዲ ከፊጂ በወጡ በቀናት ውስጥ ሺ ጂንፒንግ ገቡ። በ2022 ደግሞ ሰሎሞን ደሴቶች ከቤይጂንግ ጋር የጸጥታ ስምምነት ፈረመች። በገንዘብ ህንድ ቻይናን አትደርስባትም።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ደሴቶቹ ራሳቸው የሚጠይቁት ነገር ነው። መሪዎቻቸው በ2018 ናውሩ ላይ ተሰብስበው፣ ለሕዝባችን ትልቁ ስጋት የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብለው በጽሑፍ አስቀምጠዋል። በ2021 የግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ መዝጊያ ላይ ግን ህንድ በመጨረሻው ሰዓት ተነስታ የድንጋይ ከሰልን “ማስቀረት” የሚለው “መቀነስ” እንዲባል አስደረገች። የማርሻል ደሴቶች ተወካይ ቅሬታቸውን እዚያው በይፋ ተናገሩ። ህንድ በነፍስ ወከፍ የምትለቀው በካይ ጋዝ ከሀብታሞቹ አገሮች በብዙ ያንሳል፣ ክርክሯ ሚዛን አለው፤ ነገር ግን ማዕበል ደጁ ለደረሰበት ሰው መልስ አይሆንም።

በ2023 ቃል ከተገቡት ውስጥ የፊጂ የልብ ሆስፒታል፣ የባሕር አምቡላንስና የኩላሊት እጥበት ማዕከላት ይገኙበታል። ይህን ቀላል ነገር አድርገው እንዳያዩት። የስኳር ሕመም በፓሲፊክ በጣም የተስፋፋ ነው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ አለበት፣ ማሽኑ ደሴቱ ላይ ከሌለ ቤቱን፣ ልጆቹን ትቶ ባሕር መሻገር ነው ያለው አማራጭ። ስለዚህ ህንድ የምሯን መሆኗን ማወቅ ከፈለጉ የጉባኤ ፎቶዎቹን ይተዉና ማሽኖቹ መተከላቸውን፣ ሲበላሹም የሚጠግናቸው ሰው መኖሩን ይከታተሉ።