16 ቴራባይት በርካሽ? የዲስክ ጥያቄዎቻችሁ

1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠልኝ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ብቻ ይላል፤ ተሸወድኩ?

አልተሸወዱም። አምራቹ በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ከሻጩ ጋር ተጣልተው ከሆነ ይታረቁ።

ላፕቶፑ እስኪነሳ አቦል ቡና እንደሚደርስ የጻፈልን ተማሪ አዲስ ይግዛ ወይስ ዲስኩን ይቀይር?

ቀይር። ሃርድ ዲስክ ሄድ የሚባለው ማንበቢያው ወዲያ ወዲህ እያለ ነው ፋይል የሚፈልገው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን ፋይሉን ቺፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ለአሮጌ ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (በተለመደው የሃርድ ዲስክ መሰኪያ የሚገባ) ኤስኤስዲ ይበቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን ላፕቶፕህ መሰኪያው ላይኖረው ይችላል። ቢኖረውም ወርድ ለመክፈት ልዩነቱን ብዙም አታየውም። የተረፈህን ብር ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ሚሞሪ) ግዛበት።

ሰርግ የምትቀርጽ አንባቢያችን ክብሪት የምታክል ባለ 16 ቴራባይት ኤስኤስዲ ከኦሪጅናል 1 ቴራባይት ባነሰ ዋጋ ገዛች። አሁን የድሮዎቹ ቪዲዮዎች አልከፈት አሏት።

እህቴ፣ የገዛሽው 16 ቴራባይት አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የተሰካ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው። ፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ የተጫነው ፕሮግራም) ለኮምፒውተሩ «16 ቴራባይት ነኝ» ብሎ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ካርዱ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም ጭራሽ የትም አይጻፍም። ክፋቱ ኮፒ ስታደርጊ ምንም ቅሬታ ላያሰማ ይችላል። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ውስጡ ግን የለም። ስለዚህ ሻጩ ሰክቶ መጠኑን ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ሌላ ፋይል በላዩ የተጻፈበትን ባለሙያም አይመልሰውም። የካሜራሽን ካርዶች ፈትሺ፤ ያላጠፋሽው ካለ ዕድለኛ ነሽ። ከእንግዲህ ዲስክ ስትገዢ ባዶ ሳለ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፈትኚው። እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ትልቅ ዲስክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ይፍጅ። ካልሆነ እንደምትመልሺ ግን ከሻጩ ጋር ቀድመሽ ተስማሚ።

ደግሞስ ለማስቀመጫ ኤስኤስዲ ምን ያደርግልሻል? ተራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በጣም ይረክሳል። ሁለት ግዢና አንዱን ቤት፣ አንዱን ስቱዲዮ አስቀምጪ። ሙሽሮቹ ድጋሚ አይጋቡልሽም።

ሃርድ ዲስኬ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጓደኛዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው አለኝ።

ፍሪዘሩን ለሥጋ ይተዉት! ዲስኩን አሁኑኑ ይንቀሉ። ማንበቢያው ሄድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ባስነሱት ቁጥር የዲስኩን ገጽ ሊፍቀው ይችላል። ፋይሉን ከፈለጉት ዳታ ሪከቨሪ (ከተበላሸ ዲስክ ፋይል ማውጣት) ወደሚሠራ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ሌላ መንገድ አይሞክሩ። «እዚሁ ልክፈተው» ብሎ ካቻቢቴ የሚያነሳ ካጋጠመዎት ዲስክዎን ተቀብለው ይሂዱ። አቧራ ከገባበት ባለሙያውም ይቸገራል።

ኤስኤስዲ ዲፍራግ ይደረጋል (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮች ይሰበሰቡለታል)?

አያስፈልገውም። ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ራሱ ያደርግለታል።