ሃያ ሁለት ዓመት የኖረው ወረዳ፦ ስለ ግሊንዱር ለጠየቃችሁን

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ እጄ ላይ ያለ የ1980ዎቹ ሰነድ አድራሻው «ግሊንዱር ወረዳ፣ ክሉዊድ፣ ዌልስ» ይላል። የዛሬውን የአስተዳደር ካርታ ባገላብጥ ሁለቱንም አጣኋቸው። የት ገቡ?

መልስ፦ ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፣ የፈረሱትም እንዲሁ። በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ኤፕሪል 1 ቀን 1974 ሥራ ላይ ሲውል የዌልስን 13 ነባር ካውንቲዎች አስቀርቶ 8 ትልልቅ ካውንቲዎችን አቆመ፤ ከሥራቸውም 37 ወረዳዎች ተዋቀሩ። ከስምንቱ አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ያለው ክሉዊድ ነበር። ግሊንዱር ደግሞ ከክሉዊድ ስድስት ወረዳዎች አንዱ ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 1996 ሁሉም ቀሩ። የክሉዊድ ስም ንጉሡን በሚወክለው ሹም የሥልጣን ክልልና በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች ላይ እስካሁን ይነበባል፤ ምክር ቤት ግን የለውም።

ግሊንዱር በዋናነት ከስድስት ቁራጭ የተሰፋ ወረዳ ነው። አምስቱ ከአሮጌው ዴንቢሻየር የመጡ ናቸው፤ እነሱም የዴንቢና የሩቲን ቦሮዎች (የራሳቸው ምክር ቤት የነበራቸው ከተሞች)፣ የላንጎለን የከተማ ወረዳ፣ የሩቲንና የኬይሪዮግ የገጠር ወረዳዎች ናቸው። ስድስተኛው፣ በኮርወን ዙሪያ ያለው የኤደይርኒዮን የገጠር ወረዳ፣ ከሜሪዮኔት ካውንቲ ተቆርጦ የተጨመረ ነው። መዝገብ ፈላጊን ዛሬም ድረስ የሚያደናግረው ይኸው ስድስተኛው ቁራጭ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጥያቄ፦ የወረዳው ምክር ቤት ሥራ ምን ነበር? ካውንቲው እያለ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሥራው በሁለት እርከን ተከፍሎ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ማኅበራዊ አገልግሎት፣ አውራ መንገድና ቤተ መጻሕፍት የካውንቲው ድርሻ ነበሩ። የምክር ቤት ኪራይ ቤቶች፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የአካባቢ ጤና ቁጥጥር፣ የመዝናኛ ስፍራዎችና ቆሻሻ መሰብሰብ የወረዳው ነበሩ። የንብረት ግብሩንም ከነዋሪው የሚሰበስበው ወረዳው ሲሆን የካውንቲውን ድርሻ አንሥቶ ያስረክባል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በእንግሊዝ የገጠር ካውንቲዎች ቆሻሻ የሚሰበስበው ወረዳው፣ የሚያስወግደው ግን ካውንቲው ነበር። በዌልስ ሁለቱም በወረዳው እጅ ነበሩ። ስለዚህ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ይሠራበት የነበረ የቆሻሻ መጣያ ቦታ ታሪክ የሚያጣራ ሰው የእንግሊዙን ልማድ ይዞ የካውንቲውን ፋይል ቢያስስ ድካሙ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሲፈርስ ለሦስት የተከፋፈለው ለምንድን ነው? እንዳለ ለአንዱ መስጠት አይቀልም ነበር?

መልስ፦ ለቢሮ ሥራ በቀለለ ነበር፤ ለመንደሮቹ ግን አይሆንም። የ1994ቱ የዌልስ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ሁለቱን እርከኖች አጥፍቶ በቦታቸው 22 ባለ አንድ እርከን ምክር ቤቶችን ተካ። የግሊንዱር አብዛኛው ክፍል ከሩድላን ወረዳና ከኮልዊን ወረዳ ከመጡ ሁለት ኮሙኒቲዎች (ትንሾቹ የአስተዳደር ክፍሎች) ጋር ተዳምሮ አዲሱ ዴንቢሻየር ሆነ። ቸርክና የኬይሪዮግ ሸለቆ መንደሮች ወደ ሬክሳም ሄዱ። በደቡብ ጫፍ ያሉት ላንራያደር-አም-ሞክናንት፣ ላንሲሊንና ላንጌድዊን ደግሞ ለጎረቤቱ ካውንቲ ለፖዊስ ተሰጡ።

ከሦስቱ ላንራያደርን ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። ራያደር የተባለው ወንዝ መንደሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የካውንቲው ድንበርም ይኸው ወንዝ ነበር። ሰሜኑ ዴንቢሻየር፣ ደቡቡ ሞንትጎመሪሻየር ይባል ነበር። ዊልያም ሞርጋን በ1588 የታተመውን የዌልስ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው እዚያው ቄስ ሳለ ነው። የ1974ቱ ለውጥ ድንበሩን ሳይነካ ስሞቹን ብቻ ቀየረ፤ ከወንዙ ወዲህ ግሊንዱርና ክሉዊድ፣ ከወንዙ ወዲያ የፖዊሱ ሞንትጎመሪ ወረዳ ሆነ። ድልድይ የተሻገረ ሰው የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቀው ሌላ ምክር ቤት፣ ግብር የሚከፍለውም ለሌላ ምክር ቤት ነበር። መንደሩ በአንድ አስተዳደር ሥር የገባው በ1996 ነው። በእኛ ግምት ከዚያ ሁሉ ድንበር ማሸጋሸግ በግልጽ የተሻለ ውጤት ያመጣው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ኮርወን አካባቢ የኖረ ቤተሰብ መዝገብ እያሰባሰብኩ ነው። አንዱ ወረቀት ሜሪዮኔት፣ ሌላው ክሉዊድ፣ ሦስተኛው ዴንቢሻየር ይላል። ቤቱ አንድ፣ መንደሩም አንድ ነው። የትኛው ተሳስቷል?

መልስ፦ አንዱም አልተሳሳተም፤ የሚለያዩት የተጻፉበት ዘመን ስለሚለያይ ነው። ኤደይርኒዮን ከ1284 ጀምሮ እስከ 1974 ሜሪዮኔት ነበረ፤ ከዚያ እስከ 1996 ክሉዊድ፤ ከዚያ ወዲህ ዴንቢሻየር። አሳሳቹ የመጨረሻው ስም ነው። በ1536 የተቋቋመው ዴንቢሻየርና የ1996ቱ ዴንቢሻየር በስም ቢገናኙም በመሬት ይለያያሉ። አዲሱ የድሮውን ፍሊንትሻየር ከተሞች ሪልንና ፕረስታቲንን፣ ከሜሪዮኔት ደግሞ ኮርወንን ይዟል። የድሮው ዴንቢሻየር ትልቁ ከተማ ሬክሳም ግን ውጭ ቀርቷል።

ስለዚህ በካውንቲ ስም አይፈልጉ። መጀመሪያ የአጥቢያውን ስም ይያዙ፤ ከ1974 ወዲህ ከሆነ የኮሙኒቲውን፤ በዌልስ አጥቢያዎች በአስተዳደር ረገድ በኮሙኒቲ የተተኩት ያኔ ነውና። ቀጥሎ ከስሙ ጎን የሰነዱን ዓመት ይጻፉ፤ ከዓመቱ ተነሥተው ካውንቲውን ያውጡ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ዴንቢሻየር የሚለውን ቃል ይዞ የ1890ዎቹን የዴንቢሻየር መዝገብ ያገላብጣል፤ የኮርወን ሰው እዚያ የለም።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ሌላ ወጥመድ አለው። ከጁላይ 1837 ጀምሮ የተዘረጉት የምዝገባ ወረዳዎች የተከተሉት የድሆች መርጃ ሕግ ኅብረቶችን (ድሆችን በጋራ ለመርዳት የተጣመሩ አጥቢያዎችን) ነው እንጂ የካውንቲ ድንበርን አልነበረም። የኮርወን የምዝገባ ወረዳ ድንበር ተሻግሮ የዴንቢሻየሩን ላንጎለንን ጭምር ይዞ ነበር። ከወረቀቱ አናት ላይ «ኮርወን» ማለቱ ሰውየው ኮርወን ተወልዷል ማለት አይደለም፤ የትውልድ ቦታ የሚለውን ዓምድ ያንብቡ።

በሕዝብ ቆጠራ ግሊንዱር በወረዳነት የሚገኘው በ1981 እና በ1991 ብቻ ነው፤ የግለሰቦች ቅጽ 100 ዓመት ስለሚዘጋ የሚያገኙት ድምር ሠንጠረዥ ነው። የ1921ዱ ቅጾች ክፍት ናቸው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ስለወደመ ጊዜዎን አያባክኑበት፤ የ1939ኙን ብሔራዊ ምዝገባ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዋናዎቹ መዛግብት ማን ዘንድ ናቸው?

መልስ፦ ለዴንቢሻየር መነሻው ሩቲን ውስጥ በአሮጌው እስር ቤት ያለው መዛግብት ቤት ነው፤ ዛሬ ሃርደን ካለው የፍሊንትሻየር መዛግብት ቤት ጋር ተዋሕዶ የሰሜን ምሥራቅ ዌልስ መዛግብት ተብሏል። የሜሪዮኔት የድሮ የካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገቦች ዶልጌላይ ናቸው። የኤደይርኒዮን የገጠር ወረዳ ቃለ ጉባኤ ከፈለጉ ከመጓዝዎ በፊት የሁለቱንም ካታሎግ ይዩ፤ በ1974 ድንበር የተሻገረ አካባቢ ወረቀቱ ባንድ ቦታ አይሰበሰብም።

የ1985 የግንባታ ፈቃድ ፋይል ዓይነት ነገር ከሆነ የሚጠየቀው የዛሬው ወራሽ ምክር ቤት ነው፤ ለኮርወን ዴንቢሻየር፣ ለቸርክ ሬክሳም፣ ለላንሲሊን ፖዊስ። ማመልከቻዎ ላይ «የቀድሞው ግሊንዱር ወረዳ ምክር ቤት» ብለው ይጻፉ፤ የድሮው የፋይል ቁጥር ካለዎትም አይተዉት። በኢንተርኔት ሲፈልጉ ደግሞ «ግሊንዱር» ብቻ ካሉ ቀድሞ በዚሁ ስም ይጠራ የነበረው የሬክሳም ዩኒቨርሲቲ ይቀድምብዎታል፤ ከወረዳው ጋር ግንኙነት የለውም።

ጥያቄ፦ ስሙ የአማፂው መስፍን ነው?

መልስ፦ አዎ። ኦዋይን ግሊንዱር በሴፕቴምበር 16 ቀን 1400 የዌልስ ልዑል ተብሎ የተሰየመው ኤደይርኒዮን ውስጥ በግሊንዳቨርድዊ ርስቱ ላይ ነው። በቀናት ውስጥም ወርዶ የባላጋራውን የግሬይን ከተማ ሩቲንን አቃጠለ። የአማፂው መሬትና ያቃጠለው ከተማ በእሱው ስም በአንድ ወረዳ መታቀፋቸው ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን፣ ለታሪክ ወዳጅ ያስፈግጋል።

ጥያቄ፦ ላንሲሊን ዌልስ ከሆነ ፖስታው ላይ የእንግሊዙ ኦዝወስትሪ ለምን ይጻፋል?

መልስ፦ የፖስታ ከተማ የሚመረጠው ለደብዳቤ አመላለስ እንዲመች ነው፤ ከአስተዳደር ድንበር ጋር አይያያዝም። ላንሲሊንና ላንራያደር ደብዳቤያቸው በኦዝወስትሪ በኩል ስለሚያልፍ የፖስታ ኮዳቸው በኤስዋይ10 (SY10) ይጀምራል። አድራሻው ኦዝወስትሪ ያለችበትን የእንግሊዝ ካውንቲ ሽሮፕሻየርን ቢጠቅስም መዝገቡን በሽሮፕሻየር አይፈልጉት።