የእጥበት ማዕከሉ ባለቤት ማን ነው? ንቅለ ተከላውስ ለምን ዘገየ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ የ58 ዓመት ሰው ናቸው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ኩላሊታቸውን ከጎዳው በኋላ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ማዕከሉ ለትርፍ የተቋቋመ ነው። ወጪውን በዋናነት የሚሸፍነው እናቴ ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሚያገኙት ኢንሹራንስ ነው። እስካሁን ስለ ንቅለ ተከላ በቅጡ ያነጋገረን የለም፤ በጠየቅን ቁጥር «ገና ነው፣ ታገሡ» ከመባል አላለፍንም። በቅርቡ አንድ የሰበካችን አባል «ደንበኛ ማጣት ስለማይፈልጉ አይልኳችሁም» አሉን። ይህ እውነት ነው? ለትርፍ ወዳልተቋቋመ ማዕከል ብንዛወርስ ይሻላል?

መልስ፦ የሰበካችሁ አባል ከተናገሩት ውስጥ ውጤቱን የሚመለከተው ክፍል በጥናት የተደገፈ ነው፤ ምክንያቱን የሚመለከተው ክፍል ግን ግምት ነው። በመጀመሪያው እንጀምር።

የእጥበት ማዕከል ባለቤትነት ሕሙማን ንቅለ ተከላ ለማግኘት ካላቸው ዕድል ጋር ያለው ግንኙነት አሜሪካ ውስጥ ሲጠና ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ ለትርፍ በተቋቋሙ ማዕከላት የሚታጠቡ ሕሙማን በተጠባባቂዎች ዝርዝር የመመዝገብ ዕድላቸው በ26 በመቶ ያነሰ፣ የሞት መጠናቸው ደግሞ በ20 በመቶ የላቀ ሆኖ እንደተገኘ ገልጾ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በጃማ የሕክምና መጽሔት የታተመ እጅግ ሰፊ ጥናት ከ2000 እስከ 2016 ድረስ የታከሙ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕሙማንንና ከ6,500 በላይ ማዕከላትን መረመረ። እጥበት በጀመሩ በአምስት ዓመት ውስጥ በተጠባባቂዎች ዝርዝር የገቡት ሰዎች ድርሻ፣ ለትርፍ በተቋቋሙት ማዕከላት ለትርፍ ካልተቋቋሙት በ13 የመቶኛ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከሟች ለጋሽ ኩላሊት ያገኙት በ4.3፣ ከሕያው ለጋሽ ያገኙት ደግሞ በ2.3 የመቶኛ ነጥብ ያነሱ ነበሩ። በጥናቱ ከተካተቱት ሕሙማን ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ለትርፍ በተቋቋሙ ማዕከላት የሚታጠቡ ስለነበሩ፣ ልዩነቱ የሚነካው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ጥናት የተመዘገበ መረጃን ወደ ኋላ ሄዶ የሚያይ እንጂ የሰዎችን ሐሳብ የሚያነብ አይደለም። ተመራማሪዎቹ የዕድሜን፣ የተጓዳኝ ሕመምንና የመሳሰሉትን ልዩነቶች በስሌት ለማስተካከል ቢጥሩም፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማዕከላት ብዙ ጊዜ ንቅለ ተከላ ከሚያደርጉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጋር ቅርበት ያላቸው መሆናቸው ብቻውን የተወሰነውን ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ «ለትርፍ የተቋቋመ ማዕከል ሁሉ ሕሙማኑን አፍኖ ያስቀራል» የሚል መደምደሚያ ከጥናቱ አይወጣም።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን የገንዘቡን አካሄድ ማየት ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 የፈረሙት ሕግ፣ ከሐምሌ 1973 ጀምሮ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎችን ዕድሜ ሳይለይ ሜዲኬር በተባለው የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ሥር አስገባቸው። በዚህም ብዙ ሕይወት ተረፈ፤ አስተማማኝ ከፋይ የተገኘለት ሥራ ደግሞ ኩባንያዎችን መሳቡ አልቀረም፤ ዛሬ ዳቪታና ፍሬዜኒየስ የተባሉት ሁለቱ ብቻ አብዛኛውን የአገሪቱን እጥበት ይዘውታል። (እርስዎ የማዕከሉን ስም አልጻፉልንም፤ ለዚህ መልስም አያስፈልገንም።) ሜዲኬር ለአንድ እጥበት የሚከፍለው መነሻ ዋጋ በ2025 274 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲታሰብ በዓመት ከ42 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ከመሥሪያ ቤት የሚገኝ ኢንሹራንስ ግን ለዚያው እጥበት ከዚህ በበርካታ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ይከፍላል፤ በሕጉ መሠረትም ለመጀመሪያዎቹ 30 ወራት ዋናው ከፋይ እርሱ ነው፣ ሜዲኬር ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል። አባትዎ አሁን ያሉት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በዕድሜው ገና ያልገፋ፣ እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በሥራ ላይ ያሉ፣ ስለዚህም ለንቅለ ተከላ የተሻለ ብቃት ያለው ሰው ነው። ለማዕከሉ ከፍተኛውን ገቢ የሚያስገባው ሕመምተኛና ቶሎ ወደ ንቅለ ተከላ መሄድ የሚገባው ሕመምተኛ አንድ ሰው ሆኖ መገኘቱ የዚህ አከፋፈል ትልቁ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ነርሷ ወይም ቴክኒሻኑ አባትዎን እያዩ ሒሳብ ያሰላሉ ማለቴ አይደለም። በእኔ ግምት ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በቀለለ መንገድ ነው። ስለ ንቅለ ተከላ የማስረዳቱ ሥራ የሚወድቀው ኢንሹራንሱንም፣ ትራንስፖርቱንም፣ የቤት ችግሩንም በሚከታተሉት በአንድ ሶሻል ወርከር ላይ ነው፤ ለዚህ ለሚጠፋው ሰዓት ለብቻው የሚከፈል ነገር የለም፤ ወደ ንቅለ ተከላ ሆስፒታል የሚልከው ሪፈር ሳይጻፍ ስድስት ወር ቢያልፍም ከሕመምተኛው በቀር የሚጎዳ የለም። የኩላሊት ሐኪሙም ቢሆኑ በእጥበት ላይ ላለ ሕመምተኛ በየወሩ የሚከፈላቸው ሲሆን፣ አንዳንዶቹ የማዕከሉ ባለድርሻ ናቸው። ይህ በራሱ ጥፋት ባይሆንም፣ «በዚህ ማዕከል ድርሻ አለዎት ወይ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም።

ሕጉ በበኩሉ ዝም አላለም። ማንኛውም በሜዲኬር የሚከፈለው የእጥበት ማዕከል፣ የትርፍ ይሁን አይሁን፣ ንቅለ ተከላን ጨምሮ ስላሉት የሕክምና አማራጮች ሁሉ ለሕመምተኛው ማስረዳት፣ ለንቅለ ተከላ ተገቢ መሆኑን መገምገም፣ ሪፈር ካልተጻፈም ምክንያቱን በሕክምና ዕቅዱ ላይ ማስፈር ግዴታው ነው። እጥበት በተጀመረ በ45 ቀን ውስጥ ተሞልቶ ለመንግሥት የሚላክ 2728 የተባለ ቅጽም አለ፤ እዚያ ላይ «ስለ ንቅለ ተከላ ተነግሮታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይገኛል። የአባትዎን ቅጽ ቅጂ ይጠይቁ። «አዎ» ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ፣ ያ ማብራሪያ መቼና በምን ቋንቋ እንደተሰጠ መጠየቅ ይችላሉ። አንድ ሰው ደሙ በማሽን እየታጠበ፣ በቅጡ በማይሰማው እንግሊዝኛ የተነገረውን ነገር ተነግሮታል ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ እርስዎ እንዲያስተረጉሙ ከመገደድ ይልቅ የሠለጠነ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅ ለአባቷ ስታስተረጉም ከባዱን ነገር ማለሳለሷ አይቀርም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ማዕከል መቀየርን የመጀመሪያ እርምጃ አድርጌ አልመክርም። ለትርፍ ያልተቋቋሙት ጥቂት ናቸው፤ መንገዱ ሊርቅ፣ የሚሰጠው ሰዓት ላይመች፣ ሐኪምዎም እዚያ የመሥራት ፈቃድ ላይኖራቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሪፈር የእጥበት ማዕከሉ ብቸኛ ሥልጣን አይደለም። ብዙ ንቅለ ተከላ የሚያደርጉ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ወይም ቤተሰቡ ራሱ ደውሎ እንዲመዘገብ ይፈቅዳሉ። በእናንተ አካባቢ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ሜድስታር ጆርጅታውንና ኢኖቫ ፌርፋክስ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደርጋሉ። ስልክ ደውለው የንቅለ ተከላ ክፍሉን ይጠይቁና አዲስ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ የአባትዎን ኢንሹራንስም ይቀበሉ እንደሆነ ይረዱ። ከአንድ በላይ በሆነ ሆስፒታል መመዝገብም ይፈቀዳል። በዚያው ሳምንት ለእጥበት ማዕከሉ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ ሪፈር ተጽፎ ከሆነ ቀኑን፣ ካልተጻፈም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ። በቃል የሚጠየቅ ነገር በፈረቃ ለውጥ መካከል ይጠፋል።

ሪፈር ያልተጻፈበት እውነተኛ የሕክምና ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ግን አይርሱ። ያልዳነ ካንሰር፣ ጽኑ የልብ ሕመም ወይም ያልታከመ ኢንፌክሽን ንቅለ ተከላን ሊያዘገይ ወይም ሊከለክል ይችላል። የ58 ዓመት ዕድሜም ሆነ የስኳር ሕመም ግን ብቻቸውን አይከለክሉም፤ የመጨረሻውን ውሳኔም የሚሰጠው የንቅለ ተከላው ሆስፒታል ቡድን ነው።

ስላለፈው ጊዜ የሚያጽናና ነገር አለ። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኩላሊት ድልድል ደንብ መሠረት የአባትዎ የጥበቃ ጊዜ የሚቆጠረው ከተመዘገቡበት ቀን ሳይሆን መደበኛ እጥበት ከጀመሩበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ያለፉት ወራት ከቁጥሩ አይቀነሱም። ሆኖም ያልተመዘገበ ሰው ኩላሊት ሊቀርብለት አይችልምና ዛሬም ነገም እያሉ መቆየት ዋጋ ያስከፍላል። በተጨማሪም፣ የአባትዎ ኩላሊት ከ2022 በፊት ሲመረመር ከቆየ፣ ይህን ይጠይቁ፦ ቀደም ሲል የኩላሊትን አቅም ለማስላት በሥራ ላይ የነበረው ቀመር ጥቁር ተብሎ ለተመዘገበ ሰው ውጤቱን ከፍ ያደርገው ስለነበር፣ ብዙ ሰው ለመመዝገብ የሚያስችለው ደረጃ ላይ እያለ አልደረሰም ተብሎ ቀርቷል። ያ አሠራር በ2022 ታግዷል፤ ከጥር 2023 ጀምሮም በዚህ ምክንያት የተጓተተባቸው ጥቁር ሕሙማን የጥበቃ ጊዜያቸው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲታሰብላቸው ደንብ ወጥቷል። ኢትዮጵያውያንም በምዝገባው «ጥቁር» በሚለው ሥር የምንገባ በመሆናችን፣ የድሮ የላቦራቶሪ ውጤቶቻቸውን ሰብስባችሁ ለሆስፒታሉ አቅርቡ።

ማዕከሉን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር ከፈለጉ በሜዲኬር ድረ ገጽ ‹ኬር ኮምፔር› የተባለው ክፍል የእያንዳንዱን ማዕከል ባለቤትነትና በተጠባባቂዎች ዝርዝር የገቡለትን ሕሙማን መጠን ያሳያል። እዚያ ላይ ከአካባቢው ያነሰ ውጤት ካዩ፣ ጥያቄያችሁም በጽሑፍ ቀርቦ መልስ ካጣ፣ መዛወሩን ያኔ አስቡበት። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሜሪላንድን፣ ዲሲን፣ ቨርጂኒያንና ዌስት ቨርጂኒያን ለሚከታተለው፣ ኔትወርክ 5 ለተባለው የኩላሊት ሕክምና ተከታታይ ድርጅት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ማዕከሉ ስለዚህ ሊበቀላችሁ በሕግ አይፈቀድለትም።

ጥያቄ፦ እኔም በቨርጂኒያ እጥበት ላይ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ኩላሊቱን ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው። ይህንን ከእጥበት ማዕከሉ ጋር ነው መነጋገር ያለብኝ? ከንቅለ ተከላ በኋላ ሜዲኬር ይቋረጣል መባሉስ እውነት ነው?

መልስ፦ የሕያው ለጋሽ ጉዳይ በእጥበት ማዕከሉ በኩል አያልፍም። ንቅለ ተከላ የሚያደርገው ሆስፒታል ለለጋሹ የተመደቡና የእርሱን ጥቅም ብቻ የሚወክሉ ባለሙያዎች ስላሉት፣ ወንድምዎ በቀጥታ ከእነርሱ ጋር ይነጋገራል። ከውጭ አገር የሚመጣ ለጋሽ ሁሉም ሆስፒታል ስለማይቀበል በመጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ከተቀበሉ፣ የደም ዓይነቱንና መነሻ ምርመራዎቹን እዚያው አዲስ አበባ አሠርቶ መላክ ከንቱ ጉዞን ያስቀራል። ለቪዛው ሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ግን ቪዛ ለማግኘት ዋስትና አይሆንም። የለጋሹ የምርመራና የቀዶ ጥገና ወጪ በተቀባዩ በኩል ይሸፈናል፤ የአውሮፕላኑንና የማረፊያውን ወጪ ግን ሜዲኬር አይከፍልም። እርስዎ የወንድምዎን ጉዞ መሸፈን ይችላሉ፤ ለኩላሊቱ ዋጋ መክፈል ግን ከ1984 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ወንጀል ነው። ለጋሹን እስከ ሁለት ዓመት መከታተል የሆስፒታሉ ግዴታ ስለሆነ፣ ወንድምዎ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ የሚያያቸው ሐኪም ከወዲሁ ይታሰብበት። ኢትዮጵያ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ስለተጀመረ፣ ጉዳዩን የሚያውቁ ባለሙያዎች እዚያ አሉ።

ሜዲኬርን በተመለከተ፣ የገቡበት በኩላሊት ሕመም ምክንያት ብቻ ከሆነና 65 ዓመት ካልሞላዎት፣ ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ይቋረጣል። ቀድሞ ብዙ ሰው የተተከለለትን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚወስደውን መድኃኒት በዚህ ምክንያት ያጣ ነበር። ከጥር 2023 ጀምሮ ግን ሌላ የጤና መድን ለሌለው ሰው ያንን መድኃኒት ብቻ የሚሸፍን የሜዲኬር ክፍል ተከፍቷል፤ ወርሃዊ ክፍያው በ2025 ለአብዛኛው ሰው 110 ዶላር አካባቢ ነበር። ሽፋኑ በራሱ አይጀምርም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ደውለው መመዝገብ አለብዎት።