ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ የተሠራ የቅንጦት ቤት እንዴት ይታወቃል? ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች «በተፈጥሮ ተከብበው ጤናዎን የሚጠብቁበት» እየተባሉ የሚሸጡ ቪላዎችና አፓርታማዎች በዝተዋል። ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያፈስባቸው ቤቶች ስለሆኑ፣ በሥነ ሕንፃ ሙያ እንደሚሠራ ሰው የማውቀውን ለማካፈል ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩልኝ ጋብዤ ነበር። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ አልሚ ስፓ፣ ሳውና፣ ጂምና መዋኛ ገንዳ ስላለው ግቢውን «የዌልነስ (ጤናን የሚጠብቅ) መኖሪያ» ብሎ ይሸጣል። ይህ ስያሜ መለኪያ አለው ወይስ የማስታወቂያ ቃል ብቻ ነው?

መልስ፦ መለኪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው «ዌል» የተባለ ዓለም አቀፍ የሕንፃ ደረጃ የቤቱን አየር፣ ውኃ፣ ብርሃን፣ ድምፅ፣ የሙቀት ምቾትና የግንባታ ዕቃዎች ጭምር ይመዝናል፤ የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠውም ሕንፃው ካለቀ በኋላ በቦታው ልኬት ተወስዶ ሲሆን በየ3 ዓመቱ መታደስ ይኖርበታል። ስለዚህ ሻጩ እንዲህ ያለ ደረጃ አለኝ ካለ ወረቀቱንና የተሰጠበትን ቀን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ወረቀት ከሌለውም ቤቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ራስዎ መመርመር ይኖርብዎታል ማለት ነው። ስፓና ሳውና ደስ የሚሉ ነገሮች ናቸው፣ ነገር ግን ሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይባቸው ሲሆኑ፣ የመኝታ ቤቱን አየር ግን ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል። እኔ ብሆን ገንዳ የሌለው፣ ነገር ግን መኝታ ቤቱ በሁለት በኩል መስኮት ያለው ቤት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዛፍ ማየት ለጤና ይጠቅማል የሚባለው በማስረጃ የተደገፈ ነው?

መልስ፦ ነው። በብዛት የሚጠቀሰው ሮጀር ኡልሪክ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ነው። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ ሲያነጻጽሩ፣ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት 23ቱ በአማካይ 7.96 ቀን፣ የጡብ ግድግዳ ይታያቸው የነበሩት 23ቱ ደግሞ 8.70 ቀን ከተኙ በኋላ ወጥተዋል፤ ዛፍ ያዩት ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም በአነስተኛ መጠን ነው የወሰዱት። የጥናቱ ቡድን ትንሽ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ሆኖም ለቤት ገዢ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ዛፉ የሚጠቅመው ከተቀመጡበት ወይም ከተኙበት ሲታይ ነው። በግቢው መግቢያ ላይ የተተከለ መናፈሻ፣ ሳሎንዎ የጎረቤት ብሎክ ግድግዳ የሚያይ ከሆነ፣ ለእርስዎ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአየር ጠባይ ቤቱ ወደየት ቢዞር ይሻላል? ሻጮቹ ሁሉም ወገን አንድ ነው ይሉናል።

መልስ፦ አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ልትጠይቁት የሚገባው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ቀለም ይቀየራል፣ ወጥ ቤት ይታደሳል፣ የቤቱ አቅጣጫ ግን አይለወጥም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከነሐሴ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ የሚያጋድለው ወደ ደቡብ ነው። ይህ ደግሞ ሌሊቱ የሚበርድባቸውን ኅዳርን፣ ታኅሣሥንና ጥርን ያጠቃልላል። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን የምትዞርባቸው ወራት አብዛኛዎቹ ደመና የሚያጠላባቸው የክረምት ወራት ናቸው። ስለዚህ በደቡብ በኩል ሰፊ መስኮት ያለው ሳሎን በብርድ ወራት ፀሐይ ወለሉ ድረስ ይገባለታል፤ ግድግዳውና ወለሉ ድንጋይ ወይም ጡብ ከሆነ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለማታ ያቆየዋል። ስስ የብሎኬት ግድግዳና ተራ መስታወት ብቻ ከሆነ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነና ወደ ምዕራብ የዞረ አፓርታማ በከተማችን እንደ ዘመናዊነት ምልክት እየታየ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐዩ የሚያቃጥል በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ቤት ከቀትር በኋላ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ነዋሪው በተፈጥሮው ማቀዝቀዣም ማሞቂያም ብዙ በማይፈልግ ከተማ ለሁለቱም የመብራት ሒሳብ ይከፍላል። ይህ ለእኔ ከተፈጥሮ ጋር መስማማት ሳይሆን መጣላት ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየበረንዳው ዛፍ የሚተከልበት አፓርታማ ቅድመ ሽያጭ ላይ ነው፤ ሥዕሉ በጣም ያምራል። ልግዛ?

መልስ፦ ከመወሰንዎ በፊት ሁለት ሕንፃዎችን ያነጻጽሩ። በሚላኖ ከተማ ስቴፋኖ ቦኤሪ የነደፉትና እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው «ቦስኮ ቬርቲካሌ» በሁለት ማማዎቹ ላይ 800 ያህል ዛፎች ይዟል። የተሳካው ዛፎቹ አስቀድመው በችግኝ ጣቢያ ስላደጉ፣ የነፋስ ጫና ስለተሞከረባቸው፣ እንክብካቤያቸውም ለየነዋሪው ፈቃድ ስላልተተወ ነው። ዛፎቹ የጋራ ናቸው፤ በገመድ ተንጠልጥለው የሚገርዙ ባለሙያዎች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ወጪውም ከነዋሪዎቹ የጋራ ክፍያ ይሸፈናል። በአንጻሩ በቻይና ቼንግዱ ከተማ 826 ቤቶች ያሉት ተመሳሳይ የመኖሪያ ሕንፃ ቤቶቹ በሙሉ ተሽጠው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡ ዘገባዎች መሠረት የገቡበት 10 ያህል ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። ተንከባካቢ ያጡት ዕፀዋት በረንዳዎቹን ውጠው ትንኝ አፍርተው ነበር።

ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቁት ስለ ሥዕሉ አይሁን። የበረንዳው አፈር ጥልቀት ስንት ነው? መዋቅሩ በዝናብ የራሰ አፈርን ክብደት እንዲሸከም ተሰልቷል? ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ የከተማው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ፣ ዛፎቹ ከየት ይጠጣሉ? ማን ይገርዛቸዋል፣ ክፍያውስ በውሉ ውስጥ ተጽፏል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ካላገኙ አይግዙ።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነው የምኖረው። በአካባቢዬ ሄጄ ላየው የምችለው እውነተኛ ምሳሌ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ። ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ በቻተሁቺ ሂልስ የምትገኘውን ሴረንቢን ይመልከቱ። ስቲቭ ናይግረን የመሠረቷትና የመጀመሪያዎቹ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ የተሠሩባት መንደር ናት። ቤቶቹ ተቀራርበው ተሠርተው አብዛኛው መሬት ለጫካ፣ ለሜዳና ለእርሻ ተትቷል፤ ቆሻሻ ውኃው በዕፀዋት በሚያጣራ ረግረግ ያልፋል፤ መንደሩ የራሱ ኦርጋኒክ እርሻ አለው። ዋጋው እጅግ ውድ መሆኑ የሚያስተች ነው። እርስዎ ግን ሲሄዱ ቤቶቹን ብቻ ሳይሆን በቤቶቹ መካከል ምን ያህል ቦታ ሳይነካ እንደቀረ ልብ ብለው ይዩ፤ እኛ አገር «ከተፈጥሮ ጋር» ተብለው በሚሸጡ ብዙ ግቢዎች የሚጎድለው ይህ ነውና።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለጡረታችን ቪላ ልንገዛ ነው። አልሚው «የራሳችን ጥልቅ ጉድጓድ ስላለን ውኃችን ንጹሕ የማዕድን ውኃ ነው» ብሎናል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስላነሣችሁ አመሰግናለሁ፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያሟሟል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ልክ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ጥርሳቸው በልጅነታቸው ቡናማ ሆኖ የቀረ ሰዎች በዝዋይና በመተሐራ አካባቢ የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል። ውኃው ጥርት ያለ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው ሊሆን ስለሚችል በዓይን አይለይም። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። ተራው የጠረጴዛ ማጣሪያም አያስወግደውም፤ የሚያስወግዱት በከፍተኛ ግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ መሣሪያ ወይም በአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ናቸው።

ከጉድጓዱ ራሳችሁ ቀድታችሁ ፍሎራይድን በስም ጠቅሳችሁ በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ጉድጓድ ከጉድጓድ ስለሚለያይ የጎረቤት ውጤት ለእናንተ አይሆንም። «የማዕድን ውኃ» የሚለው አባባል ያለ ላቦራቶሪ ውጤት ምንም ዋስትና አይሰጥም። የልጅ ልጆቻችሁ ለዕረፍት የሚመጡበት ቤት ከሆነ ደግሞ ምርመራው ከወለል ንጣፍና ከወጥ ቤት ካቢኔ ምርጫ በፊት መደረግ አለበት።

ጥያቄ፦ ግቢው «ባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ነው» ተብሎ ይተዋወቃል። ይህ እንደ ጥቅም ይቆጠራል?

መልስ፦ ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋን ከማገዶ እጦት የታደጋት ባለውለታ ነው። ነገር ግን ውኃ በብዛት ይመጥጣል፣ በሥሩ ሌላ ዕፅ እምብዛም አያበቅልም። የአገር ዛፎች የሆኑት ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ያሉበት ግቢ ወፎችንና ጥላን በአንድ ላይ ያገኛል። በቦታው የነበረ አንድ ትልቅ ወይራ ካለ በፕላኑ ላይ እንዳይቆረጥ ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ችግኝ እንተካለን የሚለው ተስፋ ያን ዛፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት አይተካውም።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለው አረንጓዴ ቦታ ከዓመታት በኋላ ሌላ ብሎክ እንዳይሠራበት ምን ዋስትና አለኝ?

መልስ፦ ዋስትናዎ የጸደቀው ፕላንና ውልዎ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ከየግላቸው ቤት በተጨማሪ በጋራ ክፍሎች ላይ ድርሻ አላቸው። አረንጓዴው ቦታ በጋራ ንብረትነት ተመዝግቦ እንደሆነ ወይም «ለቀጣይ ምዕራፍ ልማት» ተብሎ በአልሚው እጅ የቀረ እንደሆነ የጸደቀውን ፕላን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አውጥተው ከማስታወቂያው ጋር ያስተያዩ። የውጭ ዜግነት ያላችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ስለምትችሉ፣ ይህንኑ ማጣራት በሕጋዊ ወኪል ማስደረግ ትችላላችሁ። ወኪሉ የሻጩ ደላላ አይሁን።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የሀብታም ጉዳይ አይደለም? ድሃው በተበከለ ወንዝ ዳር እየኖረ ስለ ቅንጦት ተፈጥሮ መነጋገር ቅር ያሰኛል።

መልስ፦ ቅሬታዎን እጋራለሁ። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው በመፈለጋቸው ነው፤ ጤና በሚሰጥ ውኃ አጠገብ መኖር ለዚህች ከተማ እንግዳ አሳብ አይደለም። በዚያችው ከተማ ዛሬ ታላቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የፍሳሽ ማውረጃ ሆነው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይፈስሳሉ፤ በዚያ ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ስለዚህ አንድ የቅንጦት ግቢ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቻለሁ ሲል፣ ከአጥሩ ውጭ የሚለቀውን ማየት ያስፈልጋል። የራሱ የፍሳሽ ማጣሪያ አለው ወይስ ማታ ማታ ወደ ወንዙ ይለቃል? ማጣሪያው መብራት ሲጠፋ ይሠራል? የተጣራውስ ውኃ ለአትክልቱ ይውላል? ገንዘብ ያለው ገዢ ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ ቢያቀርብ አልሚው ይሰማዋል፤ ከታች ያለው ገበሬ ቢለምነው ግን አይሰማውም። የመክፈል አቅም ያላችሁ ሰዎች ይህን እንድትጠይቁ ከልቤ እለምናችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ያለቀ ቤት ለማየት የትኛው ጊዜ ይሻላል?

መልስ፦ ሐምሌ ወይም ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየጣለ ሳለ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባና ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ በእጅዎ ይዳብሱት። እርጥበት ካለው፣ ቀለሙ እንደ ቋቁቻ ተነሥቶ ከሆነ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት ሻጋታ ነውና ለአስም ሕመምተኛ አይሆንም፤ አዲስ ቀለም ብቻ የሸተተዎት እንደሆነም ለምን አሁን እንደተቀባ ይጠይቁ። ከዚያ በሌላ ቀን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሰው መስኮቱን ከፍተው ጥቂት ይቀመጡ፤ የጀነሬተር፣ የመጠጥ ቤትና የመንገድ ድምፅ የሚሰማው በዚያ ሰዓት ነው። ሻጩ በእነዚህ ሰዓታት ማሳየት ካልፈለገ ሌላ ቤት ይፈልጉ።