ለመኪና ቀለምና ለተወለወለ አሉሚኒየም የሚስማማው መከላከያ የትኛው ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የመኪናን ቀለምና የተወለወለ አሉሚኒየምን ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከጨው ለመጠበቅ ስለሚቀቡ ነገሮች የሚጠይቁትን በአንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚጀምሩት ከጠርሙሱ ስም ነው። እኔ ግን የመከላከያው ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ከሥሩ ባለው ገጽ ንጽሕናና መኪናው ከዚያ በኋላ በሚታጠብበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ መልሶቼ ስለ ሸቀጡ ብቻ አይደሉም።

«መኪናዬ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሻጩ ሰም፣ ሲላንትና ሴራሚክ የሚባሉትን ሦስቱንም አቀረበልኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?» (አዲስ አበባ)

የፋብሪካ ቀለም የላይኛው ንጣፍ ክሊር የምንለው ቀለም አልባ ሽፋን ሲሆን፣ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቀለም እንዳይደበዝዝ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያጣራው ይህ ንጣፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗና ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩም በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ክሊሩ ላይ የሚያርፈው ጉዳት ከባድ ነው።

ጥሩ የሚባለው ሰም ካርናውባ ሲሆን፣ የሚገኘውም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። ለጥቁርና ለጥልቅ ቀለማት የሚሰጠው ድምቀት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ቢቆይ ነው። ሲላንት ሰው ሠራሽ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ውህድ) በመሆኑ ክሊሩ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ በአግባቡ ከተቀባም ከአራት እስከ ስድስት ወር ያገለግላል። ሴራሚክ ደግሞ ከሲሊከን ውህዶች የሚሠራ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ቀጭን ሽፋን ሲሆን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ከመቀባቱ በፊት ያልተወገደ ጭረት ሁሉ ከሥሩ ታሽጎ ስለሚቀር፣ አስቀድሞ ቀለሙን በባለሙያ ፖሊሽ ማስደረግን ይጠይቃል፤ ይህም ከቅባቱ ዋጋ የበለጠ ወጪ ሊያስወጣ ይችላል።

ለእርስዎ የምመርጠው ሲላንትን ነው። አንድ ጊዜ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት ቢቀቡት የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንልዎታል። የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ሲያርፍበት ግን «ተቀብቷል» ብለው አይተዉት፤ መከላከያው የሚሰጥዎ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ነውና በዚያው ቀን በውኃ አርሰው ያንሡት። ጥላ ካገኙ ደግሞ ጥላውን ያስቀድሙ፤ ከሦስቱ አንዱም ጥላን አይተካም።

«ጥሩ የተባለ ሲላንት ቀብቼ በወሩ ጠፋ። ዘበኛችን በየማለዳው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይወለውልልኛል፤ ላቫጆም በየሳምንቱ እወስደዋለሁ። ምን አጠፋው?» (አዳማ)

ምናልባት ሁለቱም። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ደቃቅ ከክሊሩ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ፣ በደረቅ ጨርቅ ሲገፋ መጀመሪያ መከላከያውን፣ ቀጥሎም ክሊሩን ይሞርዳል። በፀሐይ ላይ የሚታዩት የሸረሪት ድር የሚመስሉ ክብ ክብ ጭረቶች በአብዛኛው የሚመጡት ከዚህ ልማድ ነው። ዘበኛው በቅንነት የሚያደርገው ስለሆነ እባክዎ በትሕትና ያስረዱትና ያስቁሙት፤ አቧራው የግድ መነሣት ካለበት በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ አለዚያ ባለበት ይቆይ።

በላቫጆ በኩል ያለው ችግር የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው። ይህ ሳሙና የተሠራው ቅባትን ከጨርቅ ለመንቀል ሲሆን፣ አልካላይነቱ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ባሕርዩ) ከፍተኛ በመሆኑ ሰምንም ሆነ ሲላንትን እየሸረሸረ ይወስዳል። ሲያበራ ያምራል ተብሎ አካሉን በናፍጣ መወልወልም በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ነው፤ ናፍጣው ሰሙን ከማሟሟቱም በላይ የሚተወው ቅባት አቧራን ስቦ ይይዛል። የመኪና ሻምፑ ገዝተው ይዘው ይሂዱ፤ ሁለት ባልዲ፣ አንዱን ለሳሙና ሌላውን ጨርቁን ለማለቅለቅ እንዲጠቀሙም ይጠይቁ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ውድ መከላከያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

«በዴንቨር የጭነት መኪና እነዳለሁ። የአሉሚኒየም ቸርኬዎቼንና የነዳጅ ታንኮቼን እንደ መስታወት አስወልውዬ የበረዶው ክረምት ሳያልቅ ነጫጭ ነጠብጣብ አወጡ። ለመኪና ቀለም የገዛሁትን ሲላንት ልቀባቸው እችላለሁ?» (ኮሎራዶ)

ከሁሉ አስቀድሞ ብረቱ ባዶ መሆን አለመሆኑን ይለዩ። ከማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት የብረት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ይሹበት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ባዶ አሉሚኒየም ነው፣ ካልጠቆረ ግን ክሊር ወይም ሌላ ሽፋን አለውና እንደ መኪና ቀለም ይያዝ እንጂ በብረት ፖሊሽ አይነካ። ዱራ ብራይት የተባለው የአልኮዋ ኩባንያ ቸርኬም ከፋብሪካው ልዩ ሽፋን ያለው ስለሆነ ፖሊሽ አይደረግም።

ባዶ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ በራሱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ቆዳ ያበጃል፤ ይህም ተፈጥሯዊ መከላከያው ነው። ይህን ቆዳ እየበሳ የሚያልፈው በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው። በኮሎራዶ መንገዶች በረዶን ለማቅለጥ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ መንገዱ ደረቀ ከተባለ በኋላም ብረቱ ላይ እርጥብ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ በክረምት ከጉዞ ሲመለሱ በብዙ ውኃ ማጠብ ከማንኛውም ቅባት ይቀድማል።

የእጥበቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው። አሉሚኒየም በጠንካራ አሲድም ሆነ በጠንካራ አልካላይ ይበላል። በአንዳንድ የጭነት መኪና ማጠቢያዎች የሚረጨው ብረት የሚያነጣ ማጽጃ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም የቅርብ ዘመዱን የያዘ በመሆኑ፣ የሠራተኛውን ቆዳና ሳንባ ክፉኛ ከመጉዳቱ ሌላ የተወለወለውን ብረት ያደበዝዛል። አሲድ እንዳይነካብዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በገለልተኛ ሳሙና ብቻ ይታጠብ።

ወደ ሲላንቱ ስንመጣ፣ የገዙት ፖሊመር ከሆነና ሞራጅ ደቃቅ ከሌለበት፣ ማሸጊያውም ላይ ለብረት እንደሚሆን ከተጻፈ ይቀቡት። «ያጸዳልም፣ ያበራልም፣ ይጠብቃልም» የሚለውን ዓይነት ግን ይተዉት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የብረት ፖሊሽ ዘይት ትቶ እንደሚሄድ ነው፤ ሲላንት ደግሞ ዘይት ላይ አይይዝም። ከወለወሉ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቁ ምንም እስከማያነሣ ድረስ ይጥረጉ። ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ መመሪያው የሚለውን ጊዜ ጠብቀው ሁለተኛ ይድገሙ። ባዶ ብረት ላይ የሚቆየው ቀለም ላይ ከሚቆየው ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ በክረምት ወራት በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ማደስ ይኖርብዎታል። ካርናውባ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ለታንኩ እንጂ ከፍሬኑ ሙቀት አጠገብ ላለው ቸርኬ አይሆንም። ክሊር ስፕሬይ እንዲረጩበት ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም፤ በጠጠር ተመትቶ አንድ ቦታ ሲላጥ እርጥበቱ ከሥሩ ገብቶ እንደ ትል እየተጥመለመለ ይሄዳል፣ ያን ለማስተካከልም ሽፋኑን በሙሉ ማስላጥ ይጠይቃል።

«ግጭት ደርሶብኝ በርና ፓራፋንጎ አስቀባሁ። መቼ ሰም ላስቀባ?» (ባሕር ዳር)

ቀለሙ በኦቨን ካልደረቀ አይቸኩሉ። የፋብሪካ ቀለም በ140 ዲግሪ ገደማ ስለሚጋገር ወዲያውኑ ሊቀባ ይችላል፤ በጋራዥ በአየር የደረቀው ግን ውስጡ የቀረው ማቅጠኛ (ቲነር) ተንኖ እስኪወጣ ድረስ ከ30 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላልና የቀለም ባለሙያውን የተጠቀመበት ምርት ምን ያህል እንደሚፈልግ ይጠይቁት። እስከዚያ ድረስ በውኃና በለስላሳ ሻምፑ ብቻ ይታጠብ።

«9ኤች የተባለ ሴራሚክ መኪናዬን ከጭረትና ከጠጠር ይጠብቀዋል አሉኝ። ልመን?» (ዱባይ)

ከጠጠር አይጠብቅም። 9ኤች የሚለው መለኪያ የተወሰደው በእርሳስ ጥንካሬ ከሚደረግ የቀለም ፈተና ነው፤ ከአሸዋ ጋር የሚያወዳድር የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ አይደለም። የሴራሚኩ ሽፋን የአንድ ወይም የጥቂት ማይክሮን ውፍረት ብቻ ስላለው፣ በፍጥነት የሚመጣ ጠጠር አልፎት ይሄዳል። ለኮፈኑና ለፊተኛው ባምፐር ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው የፖሊዩሬቴን ፊልም (ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን) ያስለጥፉ፤ ሴራሚኩን ከፈለጉ ለቀረው አካል ያድርጉት። የባሕር ጨውና የአሸዋ አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ቆሻሻው በቀላሉ እንዲለቅ ማድረጉ በራሱ ትልቅ ጥቅም ነውና ሴራሚክን አልነቅፍም፤ የምቃወመው ያለ ቅድመ ዝግጅትና በሞቀ አካል ላይ የሚደረገውን ቅብ ነው። ሥራው በጥላ ሥር መሠራቱን፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ውኃ እንዳይነካው ማድረጋቸውን ያረጋግጡ።

«ሲላንት ከቀባሁ በኋላ ሰም መደረብ እችላለሁ?» (መቀሌ)

ይችላሉ፤ ሲላንቱ በመመሪያው መሠረት ከደረቀ በኋላ ሰም ቢደርቡበት ድምቀት ይጨምራል። በሰም ላይ ሲላንት መቀባት ግን አይሆንም፤ ሰሙ ካለ በመጀመሪያ በማጽጃ ይነሣ።